ለክሊኒካችሁ የኪኒሲዮሎጂ ኮኦፕ ተማሪ እንዴት ትቀጥራላችሁ? በኦንታሪዮ ላላችሁ አሠሪዎች

የመጀመሪያዋ የኮኦፕ፣ ማለትም ትምህርቷን ከደሞዝ ሥራ ጋር እያፈራረቀች የምትማር፣ ተማሪዬ አራት ወሯን የጨረሰችው ፎጣ በማጠፍና ስልክ በማንሳት ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። የትከሻን ጡንቻዎች ከየት ተነሥተው የት እንደሚያርፉ በቃሏ ትወጣዋለች፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ዕውቀት መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ማስታወቂያ ሳወጣ ምን እንደምትሠራ በወጉ አልጻፍኩም፤ ስትመጣም የሚያሠለጥናት ሰው አልመደብኩም። በሚቀጥለው ተርም ማስታወቂያውን እንደገና ሳወጣ ያመለከቱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ተማሪዎቹ ስለ አሠሪ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ለአሠሪው የሰጡትን ደረጃም ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ያዩታል።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬ ብዙ ተማሪዎች አሠርቻለሁ። እዚህ ቶሮንቶ ክሊኒክ የከፈቱ፣ የቤት እንክብካቤ ድርጅት የሚያስተዳድሩ ወይም በአረጋውያን ማቆያ በኃላፊነት የሚሠሩ ወገኖቼ እንዴት እንደሚጀመር ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ከወረቀቱ እስከ መሸኛው ያለውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሕግና ገንዘብ የሚመለከተው ክፍል የኦንታሪዮ ስለሆነ በሌላ ክፍለ ሀገር ያላችሁ የራሳችሁን ማየት አለባችሁ።

ደረጃ 1፦ ማንን እንደምትቀጥሩ ዕወቁ

ኪኒሲዮሎጂ የሰው ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያጠና ትምህርት ነው። ተማሪው የአካል አወቃቀርን፣ የልብና የሳንባን ሥራ፣ የመገጣጠሚያ ጫናን፣ አንጎል እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያዝና ሰው በሥራ ቦታው እንዳይጎዳ ምን እንደሚደረግ ይማራል። ከተመረቁ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ሕክምና) የሚቀጥሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ እናንተ ጋ የሚፈልጉት ትልቁ ነገር ከታካሚ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ነው።

ኮኦፕ ማለት ደግሞ ተማሪው አንድ ተርም ክፍል ውስጥ፣ አንድ ተርም ደሞዝ እየተከፈለው ሥራ ላይ የሚያሳልፍበት ሥርዓት ነው። በካናዳ ይህን አሠራር በ1957 የጀመረው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኪኒሲዮሎጂም በኮኦፕ ያስተምራል። የዊንዘር ዩኒቨርሲቲም አለው፤ ከኦንታሪዮ ውጭ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሳይመን ፍሬዘር፣ በኒውፋውንድላንድ ሜሞሪያል ይገኛሉ። ደሞዝ የማይከፈልበትን፣ ለኮርስ ማሟያ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጡበትን ልምምድ ከዚህ ጋር አታምታቱት። የኮኦፕ ተማሪ በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ለ16 ሳምንት የሚሠራ ሙሉ ሠራተኛ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይያዝ። በኦንታሪዮ «ኪኒሲዮሎጂስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። የኪኒሲዮሎጂ ሕግ በ2007 ወጥቶ ከኤፕሪል 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሙያው በኦንታሪዮ ኪኒሲዮሎጂስቶች ኮሌጅ ሥር ሆኗል። ኮሌጅ ሲባል ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ባለሙያን የሚመዘግብና የሚቀጣ አካል ነው። ያልተመዘገበ ሰው በዚህ ስም መጠራት አይችልም። በደረት ባጁ ላይ «የኪኒሲዮሎጂ ተማሪ» ብላችሁ ጻፉለት፤ ድረ ገጻችሁ ላይም እንደዚያው። ታካሚ በስህተት «ዶክተር» ብሎ ሲጠራው፣ በተለይ እናቶቻችን ነጭ ጋውን ያዩትን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ተማሪው ራሱ በትሕትና እንዲያርም ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

ደረጃ 2፦ ሥራውን በወረቀት አስቀምጡ

ጊዜያችሁን ከሁሉ አብልጣችሁ የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን። ማስታወቂያውን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈሉ፤ ተማሪው ብቻውን የሚሠራው፣ ባለሙያ እያየው የሚሠራው፣ ፈጽሞ የማይነካው።

በእኔ ክሊኒክ ተማሪው ብቻውን የሚሠራው፦ የስፖርት ዕቃ ማዘጋጀትና ማጽዳት፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ለታካሚው ያዘዘውን እንቅስቃሴ በሥዕል ማዘጋጀት፣ ቀጠሮ ማስታወስ፣ የተለኩ ውጤቶችን በሠንጠረዥ መያዝ። ባለሙያ እያየው የሚሠራው፦ ታካሚውን በታዘዘለት እንቅስቃሴ መምራት፣ የሚያመው ቦታ ላይ ሙቅና ቀዝቃዛ ከረጢት ማስቀመጥ፣ የመገጣጠሚያን መታጠፍ መለካት፣ የአረማመድና የሚዛን ምዘና ማድረግ።

የማይነካው ክፍል በሕግ የታጠረ ነው። የ1991ዱ የኦንታሪዮ የጤና ሙያዎች ሕግ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ የሚሠራቸውን ሥራዎች ዘርዝሯል። በሽታውን ለይቶ ለታካሚው መንገር ከእነዚህ አንዱ ነው። የአከርካሪን አጥንት በፍጥነት ገፍቶ ማንቀሳቀስም እንዲሁ። ከዚህ ሌላ ፊዚዮቴራፒስቱ የመጀመሪያውን ምርመራ፣ የውጤት ትርጓሜውንና የሕክምና ዕቅዱን ለውጥ ለረዳት አሳልፎ አይሰጥም። «ጉልበቴ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ታካሚው ቢጠይቅ የተማሪው መልስ «ፊዚዮቴራፒስቱን እጠራልዎታለሁ» ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አስጠናቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ጎበዝ ተማሪ መልሱን ስለሚያውቀው ምላሱን መያዝ ይከብደዋል።

ከዕለት ሥራው ጎን አንድ የራሱ ፕሮጀክት ስጡት። ሲሄድ ጥሎላችሁ የሚሄደው ይህን ነው። ሦስት ምሳሌ ላንሣ።

የአረጋውያን ማቆያ ወይም የማኅበረሰብ ማዕከል ከሆናችሁ የመውደቅ አደጋን የሚለይ ምዘና እንዲያደራጅ አድርጉ። በጣም ቀላሉ ምዘና እንዲህ ነው፤ አረጋዊው ከወንበር ይነሣሉ፣ 3 ሜትር ይራመዳሉ፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ተማሪው በሰዓት ይይዛል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበትን ሰው ለመውደቅ የተጋለጠ አድርጎ ይወስደዋል። ተማሪው በተርሙ መጀመሪያና መጨረሻ ቢለካ የእንቅስቃሴ ፕሮግራማችሁ ሰውን መጥቀም አለመጥቀሙን በቁጥር ታያላችሁ።

የቤት እንክብካቤ ድርጅት ከሆናችሁ የሠራተኞቻችሁን ወገብ አስቡ። በዚህ ከተማ በፒኤስደብልዩ (የግል እንክብካቤ ረዳትነት) ሥራ የሚተዳደሩ እህቶቻችን ብዙ ናቸው፤ የወገብ ሕመማቸውን ግን ዝም ብለው ይሸከሙታል። የኪኒሲዮሎጂ ተማሪ ሕመምተኛ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲዘዋወር የሠራተኛዋ አካል ላይ የሚያርፈውን ጫና መመልከት ተምሯል። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም የሆነው ናዮሽ ለዕቃ ማንሳት በተመቸ ሁኔታ 23 ኪሎን እንደ ጣሪያ ይወስዳል። የሰው ገላ ግን ሣጥን አይደለም፣ ይንሸራተታል፣ ይደናገጣል፤ ለዚህ የሚመከረው ወሰን ወደ 16 ኪሎ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ማንሻ መሣሪያ ያስፈልጋል። ተማሪው የየደንበኛውን ቤት አይቶ የት ማንሻ፣ የት መያዣ ብረት፣ የት ሁለተኛ ሰው እንደሚያስፈልግ በአንድ ገጽ ቢያወጣላችሁ የአራት ወር ደሞዙን ያህል ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ከእኛው ሕይወት የመጣ ነው። በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማት፣ ከስግደት በኋላ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ይዘው የሚመጡ ታካሚዎች አሉኝ። አንዲት ተማሪዬ፣ ሐበሻ አይደለችም፣ ስግደትን እንደ አንድ እንቅስቃሴ ከፋፍላ አየችው፤ ወደ ታች ሲወረድ ጉልበት ላይ፣ ሲነሡ ወገብ ላይ የሚበዛው የት ነው ብላ። ከፊዚዮቴራፒስታችን ጋር ሆና ጾሙ ከመግባቱ ከስድስት ሳምንት በፊት የሚጀመር የጭንና የዳሌ ማጠንከሪያ አዘጋጀች። እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። አትስገዱ አላለችም፤ ታካሚዎቼ የወደዱላትም ይህንኑ ነው።

ደረጃ 3፦ ተቆጣጣሪውን በስም መድቡ

«ሁላችንም እናግዘዋለን» ከተባለ ማንም አያግዘውም። አንድ ሰው፣ ቢቻል የተመዘገበ ፊዚዮቴራፒስት፣ ካይሮፕራክተር (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክም) ወይም ኪኒሲዮሎጂስት፣ ኃላፊ ይሁን። ተማሪው ታካሚ ላይ ለሚሠራው ሥራ በሙያው ኮሌጅ ፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። በቀን መቁጠሪያው ላይ በሳምንት አንድ ሰዓት ለተማሪው ብቻ ዝጉለት፤ በዚያ ሰዓት ታካሚ አይያዝበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ኃላፊው ከወትሮው ያነሰ ታካሚ እንደሚያይ አስባችሁ በጀት ያዙ። ይህን ሰዓት የማትችሉት ከሆነ ተማሪ መቀጠሩን ለሌላ ተርም አቆዩት።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አስሉ

የኦንታሪዮ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 17.60 ዶላር ነው። የሥራ ደረጃዎች ሕጉ በዩኒቨርሲቲ በጸደቀ ፕሮግራም የሚሠራን ተማሪ ከሽፋኑ ውጭ ያደርገዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ባልከፍልስ?» ይላል። እኔ በፍጹም አልመክርም። ሙሉ ቀን የሠራ ልጅ ሊከፈለው ይገባል፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ የግብር ተመላሽም የሚታሰበው በተከፈለ ደሞዝ ላይ ነው።

ተመላሹ የኦንታሪዮ የኮኦፕ ትምህርት የግብር ክሬዲት ይባላል። ለአንድ ተማሪ ለአንድ ተርም ከከፈላችሁት 25 በመቶ ይመለሳል፤ ባለፈው ዓመት ጠቅላላ የደሞዝ ወጪያችሁ 400,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከነበረ 30 በመቶ ነው። ከ600,000 በላይ ከሆነ 25 ላይ ይቆማል፤ በመካከል ያለው ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ጣሪያው ለአንድ ተማሪ በአንድ ተርም 3,000 ዶላር ነው። ሥራው ቢያንስ 10 ተከታታይ ሳምንት መሆን አለበት። ግብር ባይኖርባችሁ እንኳ ገንዘቡ ይመለሳል።

በቁጥር እንየው። ለተማሪው በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 35 ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ብትከፍሉ 11,200 ዶላር ይሆናል። 30 በመቶው 3,360 ነው፤ በጣሪያው ምክንያት 3,000 ታገኛላችሁ። 25 በመቶ ላይ ያላችሁ ከሆነ 2,800። ድርጅቱ ኩባንያ ሆኖ የተመዘገበ ከሆነ የሚሞላው ቅጽ ስኬጁል 550 ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣችሁን የማረጋገጫ ደብዳቤ በፋይል አስቀምጡ፤ ሒሳብ ሠራተኛችሁ ይፈልገዋል።

ሌላው ምንጭ የፌዴራሉ መንግሥት የተማሪዎች የሥራ ምደባ ፕሮግራም ነው። የደሞዙን ግማሽ እስከ 5,000 ዶላር፣ ለአንዳንድ ተማሪዎች ደግሞ፣ ለምሳሌ አዲስ መጤዎች፣ አካል ጉዳተኞች፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፣ 70 በመቶውን እስከ 7,000 ሲሸፍን ቆይቷል። ገንዘቡ የሚሰጠው በአጋር ድርጅቶች በኩል ነው፤ ለጤናው ዘርፍ ባዮታለንት ካናዳ አንዱ ነው። በጀቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥና ቶሎ ስለሚያልቅ ተማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አመልክቱ። ሁለቱንም ማግኘት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የግብር ክሬዲቱ ሲሰላ ከመንግሥት ያገኛችሁት ድጎማ ከደሞዙ ላይ ይቀነሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ 5,000 ድጎማ ካገኛችሁ ክሬዲቱ የሚታሰበው በ6,200 ላይ ነው፤ 30 በመቶው 1,860 ዶላር።

ለትርፍ ያልቆማችሁ ማኅበራት ለበጋው ተርም (ከሜይ እስከ ኦገስት) የካናዳ ሰመር ጆብስ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ተመልከቱ። የዝቅተኛውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ እስከ መሸፈን ሊደርስ ይችላል። ማመልከቻው የሚገባው ከተርሙ ወራት ቀድሞ ስለሆነ ብዙ የእኛ ማኅበራት የሚያስታውሱት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ደረጃ 5፦ ጊዜውን ጠብቃችሁ ማስታወቂያውን አውጡ

የሥራ ተርሞቹ ሦስት ናቸው፤ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ ከሜይ እስከ ኦገስት፣ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር። ቅጥሩ የሚካሄደው አንድ ተርም ቀድሞ ነው። ለሜይ የምትፈልጉትን ተማሪ በጃንዋሪ ታስታውቃላችሁ፣ ለሴፕቴምበር በሜይ፣ ለጃንዋሪ በሴፕቴምበር። በኤፕሪል መጨረሻ «ለሚቀጥለው ሳምንት ሰው እፈልጋለሁ» ቢባል ጥሩ ጥሩዎቹ ሄደዋል፤ የቀሩትም ቢሆኑ በቀጣዩ ዙር ስለሚወዳደሩ በሩ ግን ጨርሶ አይዘጋም።

በዋተርሉ ማስታወቂያው የሚወጣው ዋተርሉዎርክስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው መድረክ ላይ ነው። በመጀመሪያ የኮኦፕ ቢሮውን በስልክ ወይም በኢሜይል አግኙ፤ አካውንት ይከፍቱላችኋል፣ ጽሑፋችሁንም ያዩላችኋል።

ጽሑፉ ውስጥ በደረጃ 2 ያወጣችሁትን አስገቡ። «ልዩ ልዩ ሥራዎችን ያከናውናል» አትበሉ። «በቀን ከ8 እስከ 10 ታካሚዎችን በፊዚዮቴራፒስት ክትትል በእንቅስቃሴ ይመራል» በሉ። የመቀበያ ሥራም ካለበት አትደብቁት፤ ከሥራው ሩቡ ከሆነ ሩቡ ነው ብላችሁ ጻፉ። የሰዓት ክፍያውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የቅዳሜ ሥራ መኖሩን፣ በባቡርና በአውቶቡስ እንዴት እንደሚደረስ ግለጹ። ከዋተርሉ ቶሮንቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ተማሪው ለአራት ወር ክፍል መከራየት ይኖርበታል። እኔ በማስታወቂያው ላይ «መኖሪያ በመፈለግ እናግዛለን» እላለሁ፤ በማኅበረሰባችን ክፍል የሚያከራይ ሰው አይጠፋም፣ ተማሪውም ይህን ሲያይ ልቡ ይረጋል።

የአማርኛ ወይም የትግርኛ ችሎታ ያለው እንዲመጣ ከፈለጋችሁ «ቢኖር ይመረጣል» ብላችሁ ጻፉ፣ ሥራው የሚፈልገው እውነት ከሆነ። ቋንቋ ይጠየቃል፤ ትውልድ ግን አይጠየቅም። «ሐበሻ ይሁን» ብሎ መጻፍም መጠየቅም የኦንታሪዮን የሰብዓዊ መብት ሕግ መጣስ ነው።

ደረጃ 6፦ ኢንተርቪውና ምርጫ

የውጤት ካርዱን አይታችሁ እለፉት። እኔ ቁም ነገሩን የማገኘው ከሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ከወንበር መነሣትን፣ ሳይንሱን ለማያውቁ የ75 ዓመት እናት እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ግድ የለም፤ የምሰማው ቃሉ ቀላል መሆኑንና ትዕግሥቱን ነው። ሁለተኛ፣ «ታካሚው እንቅስቃሴውን እየሠራ ደረቴን ወጋኝ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» እላለሁ። አቁሜ ባለሙያ እጠራለሁ ያለ አልፏል። ሦስተኛ፣ ስህተት ሠርቶ ለአለቃው የተናገረበትን ጊዜ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ።

ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ አገሩና ስለ ጤናው አትጠይቁ። እኛ ጨዋታ ስንጀምር «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» ማለት ልማዳችን ነው፣ ፍቅርም ነው። ኢንተርቪው ላይ ግን ተጠያቂ ያደርጋል።

አብሮ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ ጊዜ አብሮ አደጌ ደውሎ «የእኅቴ ልጅ እዚያ ነው የሚማረው፣ እባክህን እሱን ውሰድልኝ» አለኝ። እምቢ ማለት እንደ ነውር የሚታይበት ቦታ ነው ያለነው። የነገርኩት እንዲህ ነበር፦ ልጁ እንደ ሌሎቹ ያመልክት፤ ኢንተርቪው ላይ ካበለጠ ይገባል፣ ካልሆነም በሲቪው ላይ ምን ቢያስተካክል እንደሚሻል አንድ ምሽት ተቀምጬ አሳየዋለሁ። አልገባም፤ ያን ምሽት ግን አብሬው ተቀመጥኩ። ዘመድ ቢቀጠር ከሁሉ በላይ የሚቸገረው ኃላፊው ነው። ሥራው ሲበላሽ ማን ይገሥጸዋል?

ከኢንተርቪው በኋላ በዋተርሉ ዋናው ዙር አሠሪው ተማሪዎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ተማሪዎቹም አሠሪዎቹን ያስቀምጣሉ፤ ሥርዓቱ ሁለቱን ያዛምዳል። ስለዚህ ተማሪውን «እኔን ስንተኛ ታደርገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም፤ በጎን ቃል መግባባትም ክልክል ነው። ከተዛመዳችሁ በኋላ ለሁለታችሁም ግዴታ ይሆናል። ባለ 25 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ድርጅት ያላችሁ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሕዝብ በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ ክፍያውን መግለጥ ግዴታ እንደሆነ፣ «የካናዳ የሥራ ልምድ» መጠየቅም እንደተከለከለ አስታውሱ። እኛ ራሳችን በዚያ ጥያቄ ስንት በር የተዘጋብን ሰዎች ነን።

ደረጃ 7፦ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚያልቁ ወረቀቶች

እንደተዛመዳችሁ ወዲያው ጀምሩት፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ሳምንታት ይፈጃል። ከአረጋውያንና ከሕፃናት ጋር ለሚሠራ ሰው የሚጠየቀው ጠለቅ ያለ የፖሊስ ማጣሪያ በጣም የሚዘገየው እሱ ነው። የክትባት ማስረጃና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በማቆያ ቤቶች ይጠየቃል፤ ምርመራው ሁለት ዙር ሊሆን ስለሚችል ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። የሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጥ የመጀመሪያ ርዳታ) ምስክር ወረቀት ይኑረው። ሲን የሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩ በ9 የሚጀምር ከሆነ ጊዜያዊ ነዋሪ ነው ማለት ነው፤ የሥራ ፈቃዱንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ።

ከዚያ የቅጥር ደብዳቤ፣ የምስጢር ጥበቃ ስምምነት፣ የሥራ ደኅንነት ሥልጠና። የኋለኛው ለማንኛውም ሠራተኛ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የራሱን መውሰድ አለበት። የደብልዩኤስአይቢ (በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው የኦንታሪዮ መድን) ሽፋናችሁንም አረጋግጡ።

ምስጢር ላይ ትንሽ ልቆይ። የ2004ቱ የኦንታሪዮ የግል ጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ፊፓ የምንለው፣ ተማሪው ለሚያየው ፋይል ኃላፊነቱን በእናንተ ላይ ይጥላል። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ተማሪው የታካሚውን ልጅ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ሊያገኘው ይችላል። «እማማን ክሊኒክ አየኋቸው፣ ተሻላቸው?» የምትል የደግነት ጥያቄ እንኳ ምስጢር ማውጣት ናት። ይህን በምሳሌ ንገሩት፤ ወረቀት ማስፈረሙ ብቻ አይበቃም።

ደረጃ 8፦ አራቱን ወር እንዴት ትይዙታላችሁ

የመጀመሪያውን ሳምንት ይመልከት፤ በሁለተኛው ከኃላፊው ጎን ሆኖ ይሥራ፤ በሦስተኛው ኃላፊው እያየው እሱ ይሥራ። ከዚያ በኋላ በደረጃ 2 ወረቀት መሠረት ይለቀቅ። ታካሚው ረዳት ተማሪ እንደሚያሠራው ተነግሮት መስማማቱ በፋይሉ ይጻፍ፤ እምቢ ካለም ሳይከፋ ባለሙያው ይመልከተው። ለኢንሹራንስ የሚላክ ሒሳብ ላይ የተማሪውን ሥራ በኪኒሲዮሎጂስት ወይም በፊዚዮቴራፒስት ስም እንደ ተሰጠ አድርጎ መጻፍ ማጭበርበር ነው። ይህ ክሊኒክ ያዘጋል፤ የልጁንም ስም ገና ሳይጀምር ያበላሻል።

አማርኛ የሚናገር ተማሪ ካገኛችሁ ትልቅ ጸጋ ነው። «ነፋስ መታኝ»፣ «ይቆረጥመኛል»፣ «ወገቤን ሰንጎ ያዘኝ» የሚሉ አባት ምን ማለታቸው እንደሆነ በቅጽ ላይ ካለ ከ1 እስከ 10 መለኪያ ማወቅ ይከብዳል። ልጁ ግን የአያቱን አነጋገር ያስታውሳል፤ «አንቱ» ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ አስነሥቶ፣ እንቅስቃሴውን ቡና ለማፍላት ዝቅ ብሎ ከመቀመጥ ጋር አያይዞ ያስረዳቸዋል። እንዲህ ሲሆን ቤታቸው ሄደው ይሠሩታል።

ወሰን ይኑረው እንጂ። ለሕክምና ስምምነት፣ ለምርመራ ውጤት፣ ለአደጋ ኢንሹራንስ ቃል፣ ለእነዚህ ተማሪውን አስተርጓሚ አታድርጉት። ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ አስተርጓሚ አለ። አንድ ተማሪዬን ለፈጣን መፍትሔ ብዬ እንዲህ ላለ ጉዳይ አስገባሁት፤ የሰማው ከባድ ወሬ ለሳምንት ከፊቱ አልጠፋም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላደረግሁትም። ደግሞ አማርኛ ስለቻለ ብቻ የሐበሻ ታካሚ ሁሉ ወደ እሱ አይገፋ፤ የመጣው ለመማር ስለሆነ ከልዩ ልዩ ታካሚዎች ጋር ይሥራ።

በተርሙ አጋማሽ ላይ ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ምን ተማርክ፣ ምን ሰለቸህ፣ ከኃላፊህ ምን ትፈልጋለህ። የዩኒቨርሲቲው ሰውም በዚህ ጊዜ ሊደውል ወይም ሊመጣ ይችላል። ሥራው አልሄድ ካለ እስከ መጨረሻው አትታገሡ፤ ለተማሪው በግልጽ ንገሩት፣ ለኮኦፕ ቢሮውም አሳውቁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ስንፍና ሳይሆን አለመረዳት ነው። በተለይ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» የሚል ልጅ ገብቶታል ብላችሁ አትለፉ፤ መልሶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ደረጃ 9፦ መጨረሻው

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ፕሮጀክቱን ለሠራተኞቹ ሁሉ ያቅርብ፤ ቡና አፍሉለት። የዩኒቨርሲቲውን የግምገማ ቅጽ ኃላፊው ይሙላው፤ «ጥሩ ልጅ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፣ ያያችሁትን በምሳሌ ጻፉ። ለፊዚዮቴራፒ ትምህርት የሚያመለክት ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ እንደምትችሉ ሳይጠይቅ ንገሩት። ፈላጊ ተማሪ ለመጠየቅ ያፍራል።

የመጨረሻው ደሞዝ እንደወጣ የሥራ ማቋረጫውን መዝገብ፣ አርኦኢ የሚባለውን፣ ለሰርቪስ ካናዳ ላኩ፤ ቲ4 የሚባለው የዓመቱ የደሞዝ ማስረጃ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይድረሰው፤ የኮምፒዩተር መግቢያውን በዚያው ቀን ዝጉት፣ ቁልፉንም ተረከቡ። ለሚቀጥለው ተርም ማስታወቂያ የምታወጡ ከሆነ የሥራ ዝርዝሩን ከሚሄደው ተማሪ ጋር ሆናችሁ አርሙት። በማስታወቂያው ላይ ያልነበረውን፣ ግን በየቀኑ ሲሠራ የቆየውን ሥራ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።